ጎተራው ሞልቶ የተረፈው

መኪናው የመጣው ሐሙስ፣ ሴቶቹ ሁሉ እርሻ በወጡበት ሰዓት ነው። ደጃችን ላይ፣ ከጎተራው አጠገብ ተከምሮ የነበረውን ቦዬ፣ ዋና ምግባችን የሆነውን ሥራ ሥር፣ ጭኖ ሄደ። ሹፌሩ ለአባቴ ያሳየው ወረቀት ላይ የነበረው ፊርማ የእኔ ነው።

ቦዬውን ያመረተው የእናቴ ወንድም ቶሳዩዋ ነው። እኛ የኪሪዊና ደሴት ሰዎች ዘንድ ወንድም የሚያርሰው ለእህቱ ነው፤ የባሏን ጎተራ ይሞላል። ጎተራው ሞልቶ የተረፈው ደጅ ላይ ይከመራል፤ ማንም አይነካውም። ዝናብ ይመታዋል፣ ይበሰብሳል፣ ይሸታል። ሽታው መንገድ ሲደርስ አላፊ አግዳሚው «ይህቺ ሴት ወንድም አላት» ይላል። እናቴ ያንን ሽታ ስትጠብቅ ሁለት የድርቅ ዓመት አልፏል። በእነዚያ ዓመታት ጎተራው እስከ ወገቡ እንኳ አልሞላም፤ የአባቴ እህት ይህን ሳታነሳ የዋለችበት ቀን ትዝ አይለኝም።

እኔ ግብርና ቢሮ እሠራለሁ። ምርት ሲሰበሰብ የምንሞላው ቅጽ «ትርፍ» የሚል ዓምድ አለው። ትርጉሙን ዩኒቨርሲቲ ሸምድጄዋለሁ፤ ከፍጆታ በላይ የሆነ ምርት። የደጃችንን ክምር ለክቼ «ሰማንያ ቅርጫት» ብዬ ጻፍኩ። ማንም አላዘዘኝም። የእናቴ ክምር በመንግሥት ወረቀት ላይ እንዲሰፍርላት ፈልጌ ነው።

ቅዳሜ ከመስክ ሥራ ተመልሼ ቤት ስደርስ እናቴ ክምሩ የነበረበት ባዶ መሬት ላይ ተቀምጣለች። አባቴ ቀና ብሎ አላየኝም። «የልጄን ስም ሳይ ፈቀድኩ» አለ። አጎቴ ጎተራውን ተደግፎ ቆሟል።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«እኔ ነኝ፣ አጎቴ።»

«ምን ብለሽ?»

«ትርፍ ብዬ።»

«ለማን ነው የተረፈው? እናትሽ ወንድም በዛባት?»

ጎተራውን በመዳፉ መታ።

«ዓመቱን ሙሉ ወገቤ የተቆረጠበትን ነው ትርፍ ያልሽው።»

«ቢሮው ለተማሪዎች ምሳ ነው የወሰደው» አልኩ። ባልናገር ይሻለኝ ነበር።

«ቢለምኑኝ ልጆቼ ከሚበሉት እሰጣቸው ነበር። ይሄ የሚበላ መስሎሽ ነው?»

የአባቴ እህት ኢላቦቫ ከአጥሩ ማዶ አንገቷን አስግጋ «ተዋት እንጂ፣ የተማረች ልጅ ናት» አለችው። «እኛማ ደጁን ባዶ ብናይ፣ ዘንድሮም እንዳምናው ነው ብለን ዝም አልን።»

አጎቴ ከግቢው ወጣ።

ሰኞ ጠዋት ኃላፊዬ ቢሮ ገባሁ። ቦዬው እንዲመለስልን ጠየቅኩት።

«እስካሁን ግማሹ ተበልቷል» አለ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። «ቆይ፣ ሊበሰብስ አልነበር እንዴ?»

«ሊበሰብስ ነበር።»

«ታዲያ? ደግሞስ የጻፍሽው አንቺው ነሽ፤ ምን ላድርግሽ?»

እኔ ስናደድ ድምፄ ያንሳል። ያን ቀን ከነጭራሹ ጠፋ። ጠረጴዛውን ብገለብጠው ምን ያህል እንደሚቀለኝ እያሰብኩ «እሺ ጌታዬ» ብዬ ወጣሁ።

ከሥራ ስመለስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አጎቴና ወንዶች ልጆቹ ቅርጫት ተሸክመው በመንደሩ መሐል እየመጡ ነው፤ ልጆች ተከትለዋቸዋል። ቅርጫቶቹን ደጃችን አወረዱ። እናቴ ጎንበስ ብላ አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ይሄ እኮ ዘር ነው።»

«ዘር ነው» አላት።

«ታዲያ ምን ልትተክል ነው?»

«እሱን ለኔ ተዪው።»

ትልልቁን ከሥር እያደረገ መከመር ጀመረ። እየደረደረ ወደ ኢላቦቫ አጥር አንዴም አላየም። እኔን ግን አየኝ። «ቆመሽ ከምታዪ አቀብዪኝ። መቁጠር እንደሆነ ታውቂበታለሽ።»

አቀበልኩት። ከቅርጫት የሚወጣው እያንዳንዱ ቦዬ በሚመጣው ዓመት የማይበቅል መሆኑን እያወቅኩ፣ አንድ በአንድ አቀበልኩት። እናቴ አላስቆመችውም። ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ ቆማ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ያ ቅጽ እንደገና ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። ኃላፊዬ አጠገቤ ቆሞ ብዕሩን ባዶው ዓምድ ላይ መታ መታ አደረገ።

«ትናንት በደጃችሁ ሳልፍ ሰው የሚያህል ክምር አይቻለሁ። ሽታው መኪና ውስጥ ድረስ ገብቶ ነበር። እሱስ ምንድን ነው?»

«የእናቴ ወንድም ነው» አልኩት። ቅጹን ሳልሞላው መለስኩለት።