ያልተሳለመችው መስቀል

ሥልጣነ ክህነት ለድኩማን መጠጊያ፣ ለቍስለኞች መፈወሻ ትሆን ዘንድ የተሰጠች አደራ ናት፤ ነገር ግን፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ባለአደራው አደራውን የፈቃደ ሥጋው መሣሪያ ያደረገ እንደ ሆነ፣ በደሉ በእርሱ ላይ ብቻ አይቀርም፤ የተበደለችውን ዝም ያሰኙ ሁሉ ከበደሉ ይካፈላሉ።

በእመ ትዕግሥት የካቶሊካውያት ደናግል ገዳም የምትኖር እኅት ቴክላ ይህን መከራ በለጋ ዕድሜዋ ቀመሰች። የገዳሙ የንስሓ አባት አባ ዘርዐ ጽዮን (አንቱ እለው ዘንድ ብዕሬ እምቢ አለኝ) አንደበቱ ጣፋጭ፣ ግርማው አስፈሪ ነበረ፤ ለኑዛዜ በፊቱ የተንበረከከችውንም ልጅ በኃይል ደፈራት። እያለቀሰች ለእመምኔቷ ለእማሆይ ወለተ ሥላሴ ብትነግራቸው፣ እርሳቸው ለገዳሙ ስም ተጨንቀው፣ «ልጄ፣ ስለ ቤታችን ክብር ብለሽ ቻዪው» አሏት። ቻለችው፤ ግን እንቅልፍ አጣች፣ ጸሎቷም በአፏ ላይ ደረቀ።

በዚያ ገዳም የጸና ሥርዓት ነበረ፤ ደናግሉ በየዓመቱ ቃል ኪዳናቸውን በሚያድሱበት ዕለት፣ ጳጳሱ በመንበራቸው ተቀምጠው ሳለ፣ ከታናሺቱ እስከ እመምኔቷ እያንዳንዷ የንስሓ አባቱ የያዘውን መስቀል ትሳለማለች፤ ያልተሳለመች ማኅበሩን እንደ ተወች ተቈጥራ ልብሰ ምንኩስናዋን አውልቃ ትሄዳለች። ታናሺቱ ቴክላ ነበረች። ብትሳለም ነውሩን እንደ ማጽደቅ፣ ባትሳለም ከምትወደው ቤት መውጣት መሆኑን እያወቀች ቀረበች፤ መስቀሉም ሲዘረጋላት ፊቷን መለሰች።

«ልጄ ሆይ፣ መስቀሉን ትክጃለሽን?» አሉ ጳጳሱ ደንግጠው።

«አልክድም፣ አባታችን። ነገር ግን መስቀሉን የያዘው ይህ እጅ እኔን የደፈረ እጅ ነው፤ ከዚህ እጅ አልሳለምም።»

«አእምሮዋ ታውኳል፤ ቀጣይዋ ትምጣ» አለ አባ ዘርዐ ጽዮን ፈገግ ብሎ። ቀጣይዋ እኅት አጸደ መጣች፤ መስቀሉን አልፋ ሄዳ ከቴክላ አጠገብ ቆመች። ሦስተኛዋም እንዲሁ አደረገች፤ ከእርሷ በኋላ ያሉትም ሁሉ። በመጨረሻ እርጅና ያጎበጣቸው እመምኔት መጥተው በቴክላ እግር ሥር ወደቁ፤ «ነግራኝ ነበር፤ ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ፤ ፍርዱ ከእኔ ይጀምር» ብለውም አለቀሱ። ቴክላ ጎንበስ ብላ አነሣቻቸው።

ጳጳሱ ተነሥተው መስቀሉን ከሰውየው እጅ ወሰዱ፤ በዚያው ሰዓት ከክህነት አገልግሎት አገዱት፤ ነገሩም በገዳሙ ጓዳ ተሸፍኖ እንዳይቀር ለአገሩ ዳኛ እንደሚቀርብ በሁሉ ፊት ተናገሩ። ከዚያም መስቀሉን ራሳቸው ይዘው፣ «ከእኔ እጅስ ትሳለሚያለሽን?» ቢሏት፣ «ፍርዱ ሲፈጸም፣ አባታችን» አለች። ጳጳሱም አልተቈጡም፤ «እጠብቃለሁ፤ እስከዚያም ልብስሽን የሚያወልቅ የለም» አሉ።

በከተማው ችሎት እኅቶቿ ከጎኗ ተቀምጠው፣ እመምኔቷም መስክረው፣ በደለኛው ተፈርዶበት ወኅኒ ወረደ። በተከታዩ ዓመት በዓል ቴክላ ቀድማ ወጥታ መስቀሉን ከጳጳሱ እጅ ተሳለመች፤ ደናግሉም እልል አሉ። ልጆች የደረሰባቸውን በደል ቆመው የሚናገሩበት፣ አባቶችም ተቀምጠው የሚሰሙበት ቤት፣ እርሱ በእውነት ቤተ እግዚአብሔር ነው።