በሪሀና ስም የዘለልኩ ቀን

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔም መምህር አደምን ዛሬም ይቅር አላልኩትም፤ እሱም እኔን።

አባቴ ሃምሳ አለቃ ፈረጅ ጦሩ በሄደበት ሁሉ እኛን ይዞ ይዞር ነበር። ድሬዳዋ ጅምናስቲክ ገብቼ ወደ ኋላ መገልበጥ ጀመርኩ። ጎዴ ሄድንና ፍራሽም አሰልጣኝም ስለሌለ አሸዋ ላይ ብቻዬን ስወድቅ ከረምኩ። መቀሌ ያገኘሁት አሰልጣኝ ደግሞ የድሬዳዋውን አቋቋሜን አይቶ «ይሄ ልማድ ይነቀል» አለና ከሀ አስጀመረኝ። ነቅሎ ሳይጨርስ ሌላ ዝውውር መጣ። በ1995 ዓ.ም. ከሚሴ ስንገባ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። በየከተማው የተቀየምኩት ሰው ነበረኝ፤ ሜዳሊያ ግን አንድም አልነበረኝም።

መምህር አደም የትምህርት ቤታችን ስፖርት አስተማሪ ነው፤ በትርፍ ጊዜው በአንድ የቆርቆሮ አዳራሽ ጅምናስቲክ ያሰለጥናል። በመጀመሪያው ቀን ስገለበጥ አይቶ «ማሻ አላህ!» አለ። ደሴ ለሚደረገው ውድድር ስም ሲላክ ግን የላከው የወንድሙን ልጅ ሪሀናን ነው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ።

ለምን ብዬ ብጠይቀው በልጆቹ ፊት ሳቀብኝ።

«የወታደር ልጅ ምን ይታመናል? ዛሬ አለች፣ ነገ የጦር መኪና ኦራል ላይ ናት። ይልቅ ለሪሀና ፍራሽ አንጥፊላት።»

አነጠፍኩ። ያንን ከባድ ፍራሽ ወራት ሙሉ እየጎተትኩ አነጠፍኩላት፤ እሷ ስትሄድ ደግሞ እኔ ቀርቼ እዘል ነበር። ሪሀና ክፉ ልጅ አልነበረችም። ሰነፍ ነበረች፤ እኔን የባሰ ያናደደኝም ይኸው ነው።

ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው ሪሀና ከጋሪ ስትወርድ ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። መምህር አደም በዚያው ምሽት ቤታችን በር ላይ ቆመ፤ አጥር ጥግ ወስዶ አነጋገረኝ።

«አብሽሪ፣ ኢንታላ ኮ፣ የኔ ልጅ! ደሴ ትሄጃለሽ። መዝገቡ ግን ተዘግቷል፤ እዚያ ስምሽ ሪሀና ነው። ፎቶ የለበትም፣ ወላሂ ማንም አያውቅም።»

«እሺ መምህር» አልኩት፤ ፈገግም አልኩለት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

የልብ ልብ የሰጠኝ ሌላ ነገር ነበር። በዚያ ሳምንት አባቴ ጦሩ ወደ ጅጅጋ ሊንቀሳቀስ ነው የሚል ወሬ ይዞ መጥቷል። እማ ደግሞ የዝውውር ወሬ ከሰማች ወረቀት አትጠብቅም፤ ፍየላችንን ሰንበቴ ገበያ ወስዳ ሸጠች፣ አልጋውንም ለጎረቤት ሰጠች። እማ ፍየል ከሸጠች መኪናው ሳምንት ሞልቶት አያውቅም። ውድድሩ ሐሙስ፣ ጉዞው ቅዳሜ። ሐሙስ የፈለግሁትን ባደርግ ቅዳሜ ማን ያገኘኛል? በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝውውር ናፈቀኝ።

ደሴ ላይ እንደዚያ ቀን ዘልዬ አላውቅም። ሁለቴ አከታትዬ ወደ ኋላ ተገልብጬ በእግሬ ስቆም ንቅንቅ አላልኩም። ሕዝቡ አጨበጨበ። ውጤት ሲነገር «አንደኛ፣ ሪሀና፣ ከከሚሴ!» ተባለ፤ መምህር አደም ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ «አልሐምዱሊላህ» ይላል። እኔ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። ደግመው ጠሩ። መምህር አደም ትከሻዬን ገፋ አደረገኝ። ያኔ ተነስቼ በቀጥታ ወደ ዳኞቹ ጠረጴዛ ሄድኩ።

«ሪሀና አይደለሁም። ጁወይሪያ ፈረጅ ነኝ። ሪሀና እግሯ ታስሮ ከሚሴ ተኝታለች። በስሟ ያስገባኝ መምህር አደም ነው።»

ዞር ብዬ ፊቱን አየሁት፤ አመድ መስሏል። ደስ አለኝ። ሜዳሊያውን ባጠልቀው ኖሮ እንደዚያ ደስ የሚለኝ አይመስለኝም።

የከሚሴ ቡድን በሙሉ ተሰረዘ። ሦስተኛ ወጥታ የነበረችውን ጓደኛችንን ዓፊያን ሜዳሊያዋን ከአንገቷ አወለቁባት፤ እስከ ከሚሴ ድረስ ሚኒባስ ውስጥ ስታለቅስ መጣች። እሷን አላሰብኳትም ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ ባስባትም አልተውም ነበር።

ዓርብ ቤት ስገባ እማ የታሰረውን ዕቃ እየፈታች ነው። አባቴ ጫማውን እያወለቀ ሳቀልኝ።

«ትእዛዙ በጽሑፍ አልመጣም። የኛ ሻለቃ እዚሁ ይቆያል ተባለ። ደስ አይልሽም፣ ልጄ? ከእንግዲህ ጅምናስቲክሽን ማንም አያቋርጥብሽም።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እሱ የደስታ መስሎት ራሴን ዳበሰኝ።

ከሚሴ ሦስት ዓመት ኖርን፤ የትም ከተማ ያን ያህል ተቀምጠን አናውቅም። መምህር አደም ከአሰልጣኝነት ታገደ፣ አዳራሹም ተቆለፈ። ከማስተማር ግን ማንም አላገደውም። ከውድድሩ በኋላ ባለው ሰኞ ጠዋት መዝገቡን ይዞ ክፍላችን ገባና ስም መጥራት ጀመረ። እኔ ላይ ሲደርስ ቀና አለ።

«ጁወይሪያ ፈረጅ።»

«አቤት» ብዬ ተነሳሁ። ዓፊያ ፊቷን አዞረችብኝ፤ ሌሎቹም እንደሷ አደረጉ።

መምህር አደም ስሜ ላይ ምልክት አደረገ።

«ተቀመጪ» አለ ረጋ ብሎ። «አባትሽን አግኝቼው ነበር፤ አትሄዱም አሉ። ጊዜ አለን።»