የሄማ መዳፍ

ሄማ ቢሽት ስለ ራሷ ጠባይ የሚባለውን ሁሉ በቃሏ ይዛዋለች፤ ችግሩ የጻፈው ሌላ ሰው ነው። ለጦር መኮንንነት ምርጫ የሚያዘጋጃት የሃልድዋኒ ከተማ አስጠኚ ለተማሪው ሁሉ አንድ ዓይነት ፎቶኮፒ ያድላል። በምርጫው ሁለተኛ ቀን በሩብ ሰዓት ተጽፎ የሚያልቅ ጥያቄ አለ። ወላጆችሽ ስለ አንቺ ምን ያስባሉ? መምህሮችሽስ? ጓደኞችሽስ? አንቺስ ራስሽ? ፎቶኮፒው ለሁሉም መልስ አለው። «ወላጆቼ ታታሪ፣ ታዛዥና ኃላፊነት የሚሰማኝ ልጅ ነኝ ብለው ያስባሉ» ብሎ ይጀምራል። እሱን ያነበበ በሃልድዋኒ አንድም ሰነፍ ልጅ አልተወለደም ይላል።

ለሄማ ይህ የመጨረሻው ዕድሏ ነው። ባለፈው ዓመት ሞክራ ወድቃለች፤ በቅርቡ ሃያ አምስት ዓመት ይሞላታል፣ ከዚያ ወዲያ ዕድሜዋ አይፈቅድላትም። አባቷ ሱበዳር ትሪሎክ ቢሽት ከተራ ወታደርነት ተነስተው ከመኮንኖች በታች እስካለው የሱበዳር ማዕረግ የደረሱ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ያገለገሉ፣ በዕድሜ ልጆቻቸው ሊሆኑ ለሚችሉ መኮንኖች ሰላምታ ሲሰጡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ለገዛ ልጄም ሰላምታ እሰጣለሁ ይላሉ። ይህን ሲሉ ቀልድ የለም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የአባቷ ወዳጅ ሃምሳ አለቃ ካራክ ሲንግ ሊጠይቋቸው መጡ። እሳቸው በአንድ የምርጫ ማዕከል ውስጥ ለዕጩዎች ገመድ ሲያስሩና ሳንቃ ሲሸከሙ አሥራ አንድ ዓመት የኖሩ ናቸው። ፎቶኮፒውን ተቀብለው አነበቡትና በሳቅ ሞቱ።

«ይቺን ወረቀቱ ላይ ያለችውን ልጅማ አውቃታለሁ! ጠዋት ጠዋት ሳሩ ላይ እየተመላለሰች ስታነበንበው እሰማት ነበር። በየሳምንቱ መቶ ሆና ትመጣለች፤ ዘጠናዋን በአውቶቡስ እንሸኛታለን።»

«ታዲያ ምን ልጻፍ፣ አጎቴ?»

«እኔ ገመድ አሳሪ ምን አውቄ! ግን ጥያቄው ወላጆችሽ ምን ያስባሉ ነው የሚለው። ወላጆችሽ ደግሞ እዚሁ ናቸው፤ አፍ አላቸው።»

እናቷ ወጥ ቤት ምስር ትለቅም ነበር።

«እማዬ፣ ስለ እኔ ምን ታስቢያለሽ?»

«ዛሬ ደግሞ ምን ሰበርሽ?»

«ኧረ ለፈተናው ነው።»

እናቷ እጇን ከትሪው አላነሳችም። «ጥፋትሽን በአፍሽ አታምኚም። ካጠፋሽ ሻይ አፍልተሽ ታመጪልኛለሽ። ዝንጅብሉ በበዛ ቁጥር ጥፋቱም ትልቅ ነው። አምና ከምርጫው የተመለስሽ ሰሞንማ ሻይሽ ጉሮሮ ያቃጥል ነበር።»

ሄማ ልትስቅ ፈለገች፤ አልሆነላትም። ወደ ሰገነቱ ወጣች። አባቷ የትም ለማይሄዱበት ጫማ ቀለም እየቀቡ ነበር። ጠየቀቻቸው። ቡሩሹን አስቀመጡ።

«አምና አራት ቀን የት ነበርሽ?»

አምና የወደቀችው በመጀመሪያው ቀን ማጣሪያ ነበር። በማጣሪያው የወደቀ ዕጩ የዚያኑ ዕለት ይሸኛል። እሷ ግን ቤቷ በመመለስ ፈንታ እዚያው ከተማ ጓደኛዋ ዘንድ አራት ቀን ተደበቀች፤ ከዚያ መጥታ እስከ መጨረሻው ቀን ደርሼ ነው የወደቅኩት አለች። ስለ ገመዱ፣ ስለ ግንቡ፣ ስለ ዝላዩ እራት ላይ አንድ በአንድ ተርካላቸዋለች።

«ማን ነገርዎት?»

«ማንም። ባቡር ጣቢያ ሻንጣሽን ስቀበልሽ መዳፍሽን አየሁት። ገመድ የወጣ ሰው መዳፍ እንደዚያ አይለሰልስም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ፣ አባባ?»

«እስክትነግሪኝ እየጠበቅሁ። ዓመት ሆነኝ።» ጫማውን አንስተው እንደገና አስቀመጡት። «የማስበውን ጠየቅሽኝ አይደል? መውደቅ አትፈሪም። መውደቅሽን ለእኔ መንገር ነው የምትፈሪው። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ያን ሰላምታ ነገር ጠዋት ማታ ባላወራ ኖሮ...» አልጨረሱትም።

ሄማ በጣም አፈረች። በሚቀጥለው ሰኞ ፎቶኮፒው የምስር ገለባ መጠቅለያ ሆነ።

በምርጫው ሁለተኛ ቀን ወረቀቱ ሲታደል፣ ልማድ ክፉ ነውና፣ እጇ «ወላጆቼ ታታሪ» ብሎ ጀመረ። ሰረዘችው። ስለ ዝንጅብሉ ሻይ ጻፈች። ስለ አራቱ ቀናት ጻፈች። ራሷን በተመለከተ፣ ሰው ሲታመም ቀድማ የምትደርስ፣ የራሷ ጉዳት ሲሆን ግን የምትደብቅ መሆኗን፣ ይህንንም ገና ልታውቀው መጀመሯን ጻፈች። ሰዓቱ አለቀ።

በማግስቱ ቃለ መጠይቅ ያደረጉላት ኮሎኔል ፋይሏን ገልጠው፣ «አምና በመጀመሪያው ቀን ነው የተሸኘሽው። ቤትሽ ምን አሉሽ?» አሏት።

«የዚያን ዕለት አልነገርኳቸውም፣ ጌታዬ። ዋሸኋቸው።» ሁሉንም ነገረቻቸው። ኮሎኔሉ ጻፉ። ሄማ ክፍሏ ገብታ፣ አለቀልኝ፣ ብላ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች።

በአምስተኛው ቀን ደረታቸው ላይ ቁጥር የለበሱ ሠላሳ አራት ሴቶች ተሰለፉ። መኮንኑ ሁለት ቁጥር ብቻ ጠራ። አሥራ አንድ። ሃያ ሦስት። ሄማ ጎንበስ ብላ ደረቷን አየች፤ ሃያ ሦስት ነው።

ተወስዶባቸው የነበረው ስልክ ሲመለስላቸው በሩ ስር ቆማ ደወለች።

«አባባ፣ ተመረጥኩ!»

ከወዲያ በኩል የጫማ ቡሩሽ መሬት ላይ ሲቀመጥ ተሰማት።

«አባባ?»

«ሄማ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የት ሆነሽ ነው የምትደውዪው?»

መጀመሪያ አልገባትም። አምናን ስታስታውስ ገባት። ልትቆጣም አልቻለችም፤ የዘራችውን ነው የምታጭደው።

«ማዕከሉ ግቢ ውስጥ ነኝ። እውነቴን ነው።»

«አጠገብሽ ሰው አለ?»

አጎራባች አልጋ ላይ ስትተኛ የሰነበተችው ከሩቅ ደቡብ፣ ከኬረላ የመጣችው ልጅ ጂንሲ የሻንጣዋን ዚፕ እየዘጋች ነበር። ተሸናፊዎቹን የሚወስደው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቷል። ሄማ ስልኩን ዘረጋችላት። «አባቴ ናቸው። አላመኑኝም። ምክንያት አላቸው።»

ጂንሲ ተቀበለች። «ጤና ይስጥልኝ አጎቴ። አዎ፣ ተጠርታለች፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ? እኔ አልተጠራሁም።» ጥቂት አዳመጠች። «ገና አልደወልኩም። እሺ... እሺ አጎቴ።» ዓይኗ እንባ አቅርሮ ስልኩን መለሰች። «ለቤትሽ አሁኑኑ ንገሪያቸው አሉኝ» አለችና ፊቷን አዙራ የራሷን ስልክ አወጣች። ሄማ ከማታውቀው ቋንቋ «አማ»፣ እማዬ፣ የምትለውን ብቻ ለየች።

ሄማ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች። አባቷ አሁንም አሉ።

«መዳፍሽ እንዴት ነው?» አሏት።

ገልጣ አየችው። «ተልጧል፣ አባባ።»

ያን ጊዜ ሱበዳር ትሪሎክ ቢሽት ማልቀስ ጀመሩ።