ከውሻው ነው የተጋባባት

ወንድሜ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሰውን የሚያስታውሰው በስሙ ሳይሆን በማጅራቱ ነው፤ መንገድ ላይ ሰላም ያለው ሰው ዞር ካላለለት አያውቀውም። ስለ ራስና ስለ ፀጉር ከእሱ ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው አላየሁም። እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱን ይዤ ልጁን የማሳድገው እኔ ስለሆንኩ፣ ሲሳሳት ዝም የማለት ግዴታ የለብኝም።

ልጅቷ ገና ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷን ከቀበርን በኋላ ቃል ከአፏ ጠፋ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ አዘነችላትና ውሻዋ ከወለደቻቸው ቡችሎች አንዱን አመጣችላት። ክብ ስለሆነ ድምቡሼ አልነው። ለእኛ አንድ ቃል ከተነፈሰች ለድምቡሼ ሃያ ትነግረዋለች። እኔም ቅናቴን ዋጥ አድርጌ ተመስገን አልኩ።

ከዚያ የድምቡሼ አገጭ ላይ ቀያይ ብጉር ወጣ። ቀጥሎ የዓይኑ ዙሪያ ተመለጠና መነጽር ያደረገ ሽማግሌ መሰለ። ሳቅንበት። ሳቃችን ግን አልቆየም፤ አንድ ጠዋት ልጅቷ ራስ ላይ፣ ከጆሮዋ ከፍ ብሎ፣ የሳንቲም ያህል ባዶ ቦታ አየሁ።

ወንድሜ በሩ ላይ እንደቆመ አያትና «ላሽ ነው» አለ። «ከውሻው ነው የተጋባባት።»

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል። ደንበኛ ራሷን ካየ ይሸሻል ብሎ ልጅቷ ሱቁ እንዳትደርስ ከለከላት። ራሷን በሻሽ ጠቀለለው። ቅባት ሲቀባት እንኳ ቀለም ለሚቀቡ ደንበኞች የሚያጠልቀውን ጓንት ያጠልቅ ነበር። ድምቡሼን ጓሮ አሰረው። ውሻው ታስሮም መላጣዋ ሰፋ። «ሳትነካው እንዴት ይጋባባታል? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የያዝከው!» ብዬ ብጮህበት ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ይባስ ብሎ የጭነት መኪና ሾፌር የሆነ ደንበኛውን ለመነ፤ ቅዳሜ ድምቡሼን ወስዶ ከከተማ ውጭ እንዲጥልለት። ልጅቷ ይህን ከሰማች ጀምሮ ምግብ አልቀምስም አለች። ቡችላው ከሄደ ጨርሳ ዝም እንደምትል ታወቀኝ፤ ከልቤ ፈራሁ።

ዓርብ ጠዋት በሩን ዘግቼ ቆምኩ። «ሐኪም ሳያየው ይህ ውሻ ከዚህ ቤት አይወጣም። ከወጣም እኔን አስከትሎ ነው» አልኩት። እንቁላል መጥበስ እንኳ የማይችል ሰው ስለሆነ ነገሩን አሰበበት። ድምቡሼን ጨምሮ አራታችንም ሄድን።

የእንስሳት ሐኪሟ ክፍል ጠባብ ናት፤ በረኪና ትሸታለች። ሐኪሟ የድምቡሼን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ይዛ ደም ጠብ እስኪል ድረስ በስለት ፋቀችው፤ የፋቀችውን ስስ መስታወት ላይ አድርጋ በማይክሮስኮፕ ብዙ አየች። ጥቂት ፀጉርም ነቅላ ተመለከተች።

«የቡችላ ፀጉር ሲረግፍ ብዙ ጊዜ ቁንጫ ነው፣ ወይም ፈንገስ ነው። እዚህ ሁለቱንም አላየሁም» አለች። «የሱ ከፀጉር ሥር የምትኖር ደቃቃ ተባይ ናት። ሲጠባ ከእናቱ ያገኛታል፤ ሰውነቱ ሲደክም ትራባለች። መድኃኒቱን በደንብ ከወሰደ ይድናል።»

«ልጄ ላይ ተጋብታለች እኮ» አለ ወንድሜ።

«ይቺ ሰው ላይ አትጋባም።»

«ዶክተር፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ራስ ሳይ ነው የኖርኩት!»

«እኔ የእንስሳ ሐኪም ነኝ። ልጅዎ ምን እንደሆነች ልነግርዎት አልችልም። ከዚህ ውሻ እንዳልሆነ ግን ልንገርዎት።»

ወንድሜ ልጁ ፊት ተንበርክኮ ሻሹን ፈታ። ጓንቱን አልያዘም ነበር። አውራ ጣቱን መላጣው ላይ አስኬደው፣ መለሰው፣ እንደገና አስኬደው። ላሽ የያዘው ቦታ ቅርፊት ያወጣል፤ እሱ ጣቱ ሥር ያገኘው ግን ንጹሕ ቆዳና አንዱ አጠር፣ አንዱ ረዘም ያለ ቁርጥራጭ ፀጉር ነበር። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ለካ ይህ ሁሉ ሲሆን የገዛ ልጁን ራስ በባዶ እጁ አልነካም ነበር።

«ማነው የነቀለሽ?» አላት።

«እኔ።»

«ለምን? ለምን የኔ እናት?»

ድምቡሼን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። «እማዬ ፀጉሬን ስትሠራኝ ታጠብቀው ነበር። ስስበው ያመኛል። ሲያመኝ እሷ የያዘችኝ ይመስለኛል።»

ወንድሜ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ሐኪሟ ፊቷን አዙራ መድኃኒት የምትፈልግ መሰለች።

ቅዳሜ ሾፌሩ መጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ወንድሜ ሱቁን ዘጋና ልጁን ጉልበቶቹ መሃል አስቀመጣት። ያንን ሁሉ ራስ ያስተካከለ ሰው ለካ ሹሩባ መሥራት አያውቅም! ከተረፈው ፀጉሯ ሦስት ዘለላ ይዞ የቱን በየት እንደሚያሳልፍ ግራ ገባው። እኔ ላሳየው ስጠጋ በዓይኑ መለሰኝ። እንዳያማት ፈርቶ አላልቶ ጎነጎነውና ወዲያው ተፈታበት።

«አባዬ፣ አጥብቀው» አለችው።

«ያምሻል።»

«ይመመኝ። አንተ ነህ አይደል የያዝከኝ?»

እንደገና ጀመረ። እሱ ሠርቶ እስኪጨርስ ልጅቷ ሁለቱን እጆቿን፣ ወደ ፀጉሯ ሳትሰድ፣ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።