ምሰሶና እህቶቹ

ወንድሜ ከሞተ ወዲህ እጄ አርፎ አይቀመጥም። ልብስ ሰፊ ነኝ። መርፌ ስይዝ ስፌቱ ይጣመምብኛል፤ ስተወው ደግሞ ስልኬን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ፣ መልሼ አነሳለሁ። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?» ትለኛለች። እጄ ሥራ ይፈልጋልና ይህን ልጽፍ ተቀመጥሁ።

ወንድሜን ሁሉም ሰው ምሰሶ ነበር የሚለው። ረጅም ነው። በር ሲገባ ጎንበስ ማለትን ከመልመዱ የተነሳ ሜዳ ላይ ሲቆም እንኳ ትንሽ ይጎብጥ ነበር። ሥራው አሳንሰር መጠገን ነው። ልቡ ደካማ ስለሆነ ሐኪም ብዙ እንዳይሮጥ ከልክሎታል። እሱ ግን «አሳንሰር ጠጋኝ ደረጃ አይወጣም፣ ምን ያስሮጠኛል?» ይል ነበር።

ያስሮጠው የታናሻችን የሚጢ ነገር ነው። ሚጢ እጁን የሚያነሳባትን ባሏን ትታ ወጣች። ባሏን ዛሬም አማቻችን ነው የምለው፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልወድም። አማቻችን በየሱቁ ጣሪያ ላይ ትንሽ ነጭ ሳጥን ይገጥማል። ሳጥኑ ስንት ደንበኛ ገባ፣ የት መደርደሪያ ጋ ቆመ፣ መቼ ወጣ የሚለውን ሰዎቹ በኪሳቸው በያዙት ስልክ እያወቀ ይቆጥራል። ገና እጮኛዋ ሳለ ሶፋችን ላይ ተቀምጦ ይህን ሲያስረዳን እናቴ «እኛን ደግሞ እንዳትቆጥረን!» አለችው፤ ሁላችንም ሳቅን።

ሚጢ መጀመሪያ ወደ እኛ መጣች። ቀጥሎ ራቅ ያለ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየች። ብዙም ሳትቆይ አማቻችንን ከቤቷ ፊት ለፊት ካለው ዳቦ ቤት ደጃፍ ቆሞ አገኘችው። «ደህና ነሽ?» ብቻ ነው ያላት። አልነካትም፤ አልተከተላትም። ሲም ካርዷን ጣለች፣ ስልኳን ሸጣ ሌላ ገዛች፣ ሰፈር ቀየረች። ደግሞ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አገኘችው። «ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ጃንጥላ ይዘሻል?» አላት።

ቤታችን ተበጠበጠ። ማን ነገረው?

«ከደንበኞችሽ ጋር ስታወሪ አምልጦሽ ይሆናል» አለችኝ እናቴ።

«እማዬ፣ እኔ አፌ ውስጥ ስፒል ነክሼ ነው የምውለው። በየት በኩል ያመልጠኛል?»

«እኔስ ብሆን ለማን አወራለሁ?»

«ለአክስቴ።»

«እህቴን ነው ሰላይ ያደረግሻት!»

ምሰሶ መሃላችን ገብቶ ካላስታረቀን በቀር ማዕድ ላይ እንኳ አንተያይም ነበር። በመጨረሻ ሚጢ ራሷ ደወለች። «ከእንግዲህ የት እንዳለሁ ለማናችሁም አልነግርም። አትቀየሙኝ» አለች። ያን ቀን የተሰማኝን ለመጻፍ ቃል አጣለሁ። ማንንም ሳትነግር ሌላ ክፍል ያዘች። እዚያም መጣ። የትኛው በር እንደሆነ ሳያውቅ መንገዱን ከላይ እስከ ታች ሲመላለስ በመስኮት አየችው።

ምሰሶ ይህን ሲሰማ «እንግዲህ ነጋሪው ሰው አይደለም» አለ። «ይዛው የምትዞረው ነገር አለ።»

ቅዳሜ ከሰዓት የእሱንና የእኔን ስልክ ይዘን ሥራ ቦታው አጠገብ ወዳለችው ስልክ ጠጋኝ ሄድን። ማስቲካ እያኘከች የምታወራ፣ ሰው ቀና ብላ የማታይ ሴት ናት። ነገሩን ሰማችና ኮምፒውተሯን ወደ እኛ አዞረች።

«ይሄ ‹ምሰሶና እህቶቹ› የሚለው ምንድን ነው?»

የወንድሜ ፊት በራ። «የቤታችን ዋይፋይ ነው! እንዴት አየሽው ግን? ቤታችን እኮ ከዚህ ሩቅ ነው።»

«ቤታችሁን መቼ አየሁ? ስልኮቻችሁ ናቸው የሚጣሩት። ስሙን ደብቀኸዋል?»

«አዎ» አለ ኮራ ብሎ። ሚጢ ወደ እኛ በመጣች ሰሞን አማቻችን መኪናውን ከደጃችን እያቆመ ይቀመጥ ነበር። ምሰሶ እሁድ ሙሉ ቪዲዮ ሲያይ ውሎ የዋይፋያችን ስም ለማንም እንዳይታይ አደረገው። «የማይታይ ቤት አይደፈርም» ብሎ ፎክሮልን ነበር።

ጠጋኟ ማኘኳን አቆመች። «ቤቱ ስሙን የሚናገር ከሆነ ስልኩ አፉን ዘግቶ ይጠብቃል። ቤቱ ‹እዚህ ነኝ› ሲለው ይገባል። አንተ ቤቱን ዝም አሰኘኸው። አሁን ጠያቂው ስልኩ ነው። በሄደበት ሁሉ ‹ምሰሶና እህቶቹ፣ አላችሁ?› ይላል። ዳቦ ቤት፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ የትም። ስሙን የሚያውቅና ጆሮ ያለው ሰው ካለ…»

«ስሙን እጮኛ ሳለ ጀምሮ ያውቀዋል፣ ጆሮም አለው» አልኩ። «በየጣሪያው ገጥሞታል።»

«ስልክ ቀይራለች እኮ!» አለ ምሰሶ።

«አዲሱን ማን አስተካከለላት?»

ራሱ ነው ለሚጢ ያስተካከለላት። ለቤተሰቡ አዲስ ስልክ ሲገዛ ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ ተቀብሎ ከሁሉ በፊት የቤታችንን ስም ያስገባበታል። «እሁድ ስትመጪ በሩ ይከፈትልሽ» ብሏት ነበር ሚጢን።

ጠጋኟ ማድረግ ያለብንን ነገረችን። የዋይፋዩን ስም ቀይሩ፣ እንደገናም እንዲታይ አድርጉ። አሮጌውን ስም ከየስልኩ ሰርዙ፤ ሆቴል ይሁን ካፌ፣ የማትፈልጉትን ስም ሁሉ አብራችሁ ሰርዙ። ከቤት ስትወጡ ዋይፋዩንም ብሉቱዙንም አጥፉ። «መብራት አጥፍታችሁ ትወጡ የለ? እንደዚያው ነው» አለች።

ስንወጣ ምሰሶ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ጉልበቱ እስከ ደረቱ ደረሰ።

«እኔ ነኝ እየመራሁ የወሰድኩት፣ እትዬ።»

«ለደህና ብለህ ነው።»

«ለዚህም አማቻችን ያመሰግነኛል።»

የሚጢን ስልክ በዚያው ቀን በሰው አስልከን አጸዳነው። እኔ ነገሩ አበቃ ብዬ ነበር። ምሰሶ ግን እንቅልፍ አጣ። «ስሙ ድንገት ዝም ካለ፣ አማቻችን መጨረሻ የሰማበት ቦታ ላይ ይቆማል» አለኝ። «ያ ቦታ ደግሞ የእሷ መንገድ ነው። በር በር እያንኳኳ ይፈልጋታል። ስለዚህ ስሙ ከዚያ ሰፈር መሄድ አለበት።»

«ወዴት?»

መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ የድሮው ስም ያልተሰረዘበት አሮጌ ስልክ ከኪሱ አወጣ። «ከእኔ ጋር።»

ከዚያ ወዲህ ሥራ ሲያበቃ በቀጥታ ቤት አይመጣም። ያንን ስልክ ይዞ የከተማውን ሌላ ዳር ያካልላል። ነጭ ሳጥን የተገጠመበት ሱቅ ይገባል፣ ይዞራል፣ ይወጣል፣ አማቻችን ሳይደርስ አውቶቡስ ይሳፈራል። እናቴ «አንተን ለማግኘት ሳጥን ምን ያደርጋል? ከማዶ ሰፈር ትታይ የለ!» አለችው። ቆብ ገዝቶ አደረገ። ረጅም ሰው ላይ ቆብ ሲጨመር ምን እንደሚሆን አስቡት።

ሱቅ ገብቶ ባዶ እጅ መውጣት ያሳፍረዋል። ስለዚህ በየቀኑ አንድ ነገር ገዝቶ ይመጣል። ቤታችን በካልሲ፣ በጭልፋ፣ በጫማ ማሰሪያ ተሞላ። አንድ ቀን የሕፃን ጡጦ ይዞ መጣ። «ይሄስ ለማን ነው?» ስለው «ሻጯ አፈጠጠችብኝ፣ ደነገጥኩ» አለ። እየሳቀ ነበር፤ ከንፈሩ ግን ጠቁሯል።

«በቃህ» አልኩት። «ልብህን አስበው።»

«ክፍል እስክትቀይር ብቻ።»

ሚጢ በዚህ መሃል፣ እሱ ከሚዞርበት ርቆ በከተማው ሌላ ጫፍ ባለ አንድ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ውስጥ ሥራ አገኘች፤ መኝታም እዚያው ሰጧት። እቃዋን ጠቅልላ ገባች። ምሰሶ ግን አላቆመም። «ትንሽ ትደላደል» አለ። አንድ ሰሞን ሲያልፍ «ትንሽ ትረጋጋ» አለ። ያልተረጋጋው እሱ ነበር። ምግብ ላይ ሳለ ተነስቶ መስኮት ያያል፣ ስልኩን ያወጣል፣ ይከታል። አማቻችን እየተከተለው እንደሆነ ያውቃል፤ አንዴ ከአውቶቡስ መስኮት ሲሮጥ አይቶታል። «እትዬ፣ እንዴት ይሮጣል መሰለሽ!» አለኝ። የሚያዝንለት ይመስል ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ የደንበኛ ትከሻ ስለካ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«እትዬ» አለኝ። እኔን እትዬ ብሎ የሚጠራኝ ከቤተሰብ ውጭ አንድ ሰው ብቻ ነበር። «ምሰሶ ወድቋል። መናኸሪያው አጠገብ ያለው ጫማ ቤት ውስጥ ነው። አምቡላንስ ጠርቻለሁ።»

ሆስፒታል ስደርስ አማቻችን ኮሪደሩ ላይ፣ የወንድሜን ቆብ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሸሚዙ በላብ ርሷል።

«ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነበር» አለኝ። «እሷ ናት ብዬ ነው የሮጥኩት።»

«አውቃለሁ።»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ እሱ ነበር?»

አምቡላንሱ እስኪመጣ የወንድሜን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ እንደጠበቀ የጫማ ቤቱ ሴት በኋላ ነገረችኝ። ሐኪሙ ወጥቶ ራሱን ሲነቀንቅ ከእኔ ቀድሞ ያለቀሰው እሱ ነው። እንባው የውሸት ነው ልል አልችልም። ከዚያ ፊቱን በመዳፉ ጠረገና፣ «ለቀብር ትመጣለች አይደል?» አለኝ።

ቆቡን ከጉልበቱ ላይ ወሰድሁ።

«እህት ወንድሟን ሳትቀብር አትቀርም» አለ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው።

ለዚህ ሳጥን አያስፈልገውም። ሬሳው ያለበት እሷ ትኖራለች፤ ሕፃንም ያውቀዋል።

ሚጢ ከልብስ ማጠቢያው የቢሮ ስልክ ደወለች። «መጣሁ» አለች። «ይግደለኝ ከፈለገ።»

«አትመጪም።»

«እትዬ፣ ምሰሶ ነው እኮ! ሞቶ!»

«በየሱቁ ካልሲ ሲገዛ የሞተው አማቻችን አንቺን እንዳያገኝሽ ነው። አሁን በእግርሽ መጥተሽ ራስሽን ልትሰጪው ነው?»

ስታለቅስ ሰማሁ። እናቴ ከጎኔ ሆና እጄን ትጎትታለች። «ትምጣ በያት። ሰው ምን ይላል? ምን ዓይነት እህት ናት አይሉም?»

«በሕይወት ያለች እህት ናት ይበሉ፣ እማዬ።»

እናቴ እጄን ለቀቀችኝ።

«ምንም ሳላይ ልቀር ነው?» አለች ሚጢ።

«ትሰሚያለሽ» አልኳት።

ለቀብር ስንወጣ መልሼ ደወልኩላት፣ መስመሩን ሳልዘጋ ስልኬን የጥቁር ቀሚሴ ኪስ ውስጥ አስገባሁ። ኪሱን ጠዋት፣ ሰው ሳይሞላ፣ ራሴ ነበርኩ የሰፋሁት። አማቻችን ሬሳ ከተሸከሙት መሃል ነው። ማን ይከለክለዋል? ሰዉ ሁሉ «ከወደቀበት ያነሳው እሱ ነው፣ ደግ ልጅ» ይላል። የሬሳ ሳጥኑን ካወረዱ በኋላ ከጉድጓዱ አጠገብ ቆመ፤ ዓይኑ ግን መግቢያው በር ላይ ነው። ሴት በገባች ቁጥር አንገቱ ይመዘዛል።

እኔ ሙሾ አውርጄ አላውቅም። በለቅሶ ቤት ከጥግ ተቀምጬ አንገቴን ደፍቼ የማለቅስ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ኪሴ ውስጥ ያለችው ልጅ ዓይን የላትም። ድምፄን ከፍ አደረግሁ፦

«ወንድሜ ምሰሶ፣ አጠረህ ወይ ሳጥኑ፣
ጉልበትህን አጠፉት፣ ጎንበስ በል እያሉ።
እናትህ በቀኝህ፣ ሻሿ ተፈቷል፣
የሥራ ባልደረባህ አፈር ይዞ ቆሟል፣
ያ ያነሳህ ሰው በሩን በሩን ያያል።
የራቀ ወዳጅህ እዚያው ይቆይልህ፣
ባለበት ያልቅስህ፣ ባለበት ይቅበርህ።»

ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሉኝ። አንዷ ከኋላዬ «ይቺ እንዲህ ታውቃለች እንዴ?» ስትል ሰማሁ። አማቻችን አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየኝ። ይግባው አይግባው አላውቅም። አፈሩ መውረድ ሲጀምር ድምፁ ኪሴ ድረስ እንዲደርስ ከጉድጓዱ ጠርዝ ተንበረከክሁ። ሊያነሱኝ ሲሞክሩ እምቢ አልኩ። የመጨረሻው አካፋ እስኪገባ እዚያው ቆየሁ።

ሰዉ ሲበተን እናቴን ደግፌ ሚኒባስ ውስጥ አስገባኋት። አማቻችን መግቢያው ጋ ቆሞ የሚወጣውን ሁሉ አንድ በአንድ ፊቱን ያያል። ስልኬን አወጣሁ። በጣም ሞቋል። መስመሩ አልተቋረጠም፤ ከወዲያ በኩል ትልቅ ማሽን ሲሽከረከር ይሰማል።

«ሰማሽ?» አልኳት።

አፍንጫዋን ሳበችና፣ «ሻሿን አሰርሽላት?» አለችኝ።

«አሁን አስራለሁ።»

ከሩቅ የወንድ ድምፅ «አንሶላው ደርቋል!» ብሎ ጮኸ።

«መጣሁ» አለች። መስመሩን የዘጋችው እሷ ናት።

ሚኒባሱ ተነሳ። እናቴን ወደ እኔ አዞርኳትና ሻሿን ማሰር ጀመርኩ። ቋጠሮው አልያዝ ብሎኝ ደጋግሜ ፈታሁት። በመስኮቱ በኩል አማቻችን አሁንም ከበሩ ቆሞ፣ ባዶውን መንገድ ላይና ታች ያያል።