ሁላችንም አምስት

ምንትዋብ ዘጠነኛውን መጠይቅ ገልጣ አየችና ጣቷ ኮምፒውተሩ ላይ ቀረ። አምስት፣ አምስት፣ አምስት። ከላይ እስከ ታች ሃያውም ጥያቄ ላይ አምስት ቁጥር ተከብቧል። ስምንተኛው ወረቀት እንደዚያው ነበር። ሰባተኛውም ስድስተኛውም እንዲሁ። መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር፤ አሁን ደስታው እየቀዘቀዘ ሄደ። የቀሩትን ወረቀቶች በአንድ ጊዜ አነሳችና እንደ ካርታ ገለጥ ገለጥ አደረገቻቸው። ዓይኗ የሚያርፍበት ሁሉ አምስት።

ኦሎምፒያ አካባቢ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ስታቲስቲክስ ማስተማር ከጀመረች አስራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ፣ በዩኒቨርሲቲ ትምህርት እንዴት እንደሚሰጥና እንዴት እንደሚሻሻል የሚጠናበት ሁለተኛ ዲግሪ እንዳለ ሰማችና በማታው ክፍለ ጊዜ ተመዘገበች። ባሏ ታዴዎስ ያን ቀን የሳቀውን ሳቅ እስከ ዛሬ አልጨረሰውም። "ዓሣ ዋና ሊማር ገባ" እያለ ለቦሌ ቡልቡላ ጎረቤት ሁሉ አውርቷል። ስታጠና ሻይ የሚያፈላላትም ግን እሱ ነው።

ለመመረቂያ ጽሑፏ የመረጠችው የራሷን ክፍል ነበር። በዚህ ሴሚስተር ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰሌዳ ላይ መለፍለፉን ተወችው። ጥያቄ ትሰጣለች፣ ተማሪው መልሱን ለብቻው ይጽፋል፣ ከዚያ ከጎኑ ካለው ጋር ይከራከራል፣ በመጨረሻ ሁሉም ይነጋገሩበታል። ሴሚስተሩ ሲጀመር ሠላሳ ስምንቱ ተማሪዎች በሞሉት መጠይቅ የክፍሉ አማካይ ሦስት ነጥብ አንድ ነበር። ማክሰኞ ዕለት ሁለተኛውንና የመጨረሻውን አስሞላች። ዛሬ ዓርብ ነው። ውጤቱን ጨምራ ጽሑፉን እስከ አስራ አንድ ሰዓት ለአማካሪዋ ለዶክተር ዘርአጽዮን ካልላከች በሐምሌ አትመረቅም፤ የሚቀጥለው ዙር የዛሬ ዓመት ነው። እህቷ እንቁ ለምረቃው ከደሴ ልትመጣ ፈቃድ ወስዳለች። ታዴዎስ ደግሞ ጋውን ለብሳ የምትነሳውን ፎቶ የሚሰቅልበትን ቦታ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ለክቶ ሚስማር መትቷል።

አስራ አራተኛውን ጥያቄ ፈለገችው። "በዚህ ክፍል ጥያቄ መጠየቅ ያሳፍረኛል" ይላል። ሆን ብላ በተቃራኒው የጻፈችው ነው፤ ሳያነብ የሚያከብብ ሰው የሚታወቀው በእንዲህ ያለ ጥያቄ ነው። አምስት ማለት "በጣም እስማማለሁ" ነው። እንግዲህ ተማሪዎቿ፣ ቀደም ብሎ በተቀመጠው ጥያቄ ላይ በነጻነት እንጠይቃለን ብለው በጣም ተስማምተዋል፤ ወረድ ብለው ደግሞ መጠየቅ ያሳፍረናል ብለው በጣም ተስማምተዋል።

አንዱ ወረቀት ብቻ ከሌሎቹ ይለያል። ሃያ ስድስተኛው ወረቀት ሁለት አለበት፣ ሦስት አለበት፣ አራትም አለበት። አስራ አራተኛው ላይ ብቻ አምስት ተከብቧል። ከጀርባው በእርሳስ እንዲህ ተጽፏል፦ "ጓደኛዬ ሲያስረዳኝ ይገባኛል። እርስዎ መጨረሻ ላይ ግልጽ ነው ወይ ሲሉ ግን ሁላችንም አዎ እንላለን። እኔም እላለሁ።"

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ጆሮዋ ጋለ። ከዚያ ወረቀቱን ለብቻው አድርጋ የክፍሉን ተጠሪ ኢዩን አስጠራችው።

ኢዩ ረጅም፣ ፈገግታው ቶሎ የሚመጣ ልጅ ነው። አባቱ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ናቸው፤ ልጁም ክፍሉን እንደ ፈረቃ ነው የሚያስተዳድረው። የፈተና ቀን የሚያስቀይረው እሱ ነው፣ ፎቶ ኮፒ የሚያስነሳው እሱ ነው፣ ሐዘን የደረሰበት ሲኖር ክፍሉን ሰብስቦ ለቅሶ የሚወስደውም እሱ ነው። ምንትዋብ ማክሰኞ ዕለት መጠይቁን ሰጥታው የወጣችው በተማረችው መሠረት ነበር። አጥኚው ክፍል ውስጥ ከቆመ ተማሪው በነጻነት አይሞላም ተብላለች። ለተማሪዎቹም የመመረቂያ ጽሑፏ መሆኑን በቅንነት ነገረቻቸው። ያላሰበችው፣ ወረቀት ለተጠሪ ተሰጥቶ መምህር ወጣ ማለት ጉዳዩ ወደ ተጠሪው ተላለፈ ማለት መሆኑን ነው። አስራ ስድስት ዓመት ያስተማረ ሰው ይህን እንዴት ይረሳል?

"ኢዩ፣ ማክሰኞ እንዴት አድርጋችሁ ነው የሞላችሁት?"

"ውጤቱ አሪፍ ሆነ አይደል ቲቸር?" ፊቱ በራ። "እንኳን ደስ አለዎት።"

ሳይደብቅ ሁሉንም ነገራት። እሷ እንደወጣች ሰሌዳው ፊት ቆመ። ቲቸር ስንቱን አሳልፈዋል፣ አንድ ቀን ደግሞ እኛ እናሳልፋቸው አለ። ማንም አልተቃወመም። አንዳንዶቹ እንዳይነቃ አራት ጣል ጣል እናድርግበት ብለው ነበር፤ እሱ አልተቀበለም።

"አራት ለእርስዎ አይገባም አልኩ። ሁላችንም አምስት።"

ምንትዋብ ልትቆጣ አፏን ከፈተችና ቁጣው ጠፋባት። ደረቷ ውስጥ የተሰማት ነገር ቁጣ አልነበረም፤ ሠላሳ ሰባት ልጆች እሷን ለማሳለፍ ሲመክሩ ታያት። አንዱን ወረቀት ሰጠችውና አስራ አራተኛውን እንዲያነብ ነገረችው። ኢዩ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። ፈገግታው ቀስ እያለ ወረደ።

"ይሄ... ይሄ እንኳ አልተነበበም ቲቸር።"

"አንዱ አንብቦታል።"

"ማነው?" ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። "አንዱ አበላሸብን ማለት ነው? አጣራለሁ።"

"አታጣራም። ስማኝ ኢዩ፣ ይህን ለማንም አታወራም፣ ማን እንደሆነም አትፈልግም። ከሠላሳ ስምንታችሁ ያናገረኝ እሱ ብቻ ነው።"

ኢዩ ግን ተጠሪ ነውና መፍትሔ ሳያመጣ አይነሳም፤ ወረቀት ካለ አሁኑኑ እንደገና እናስሞላ፣ በዚህኛው ዙር ሦስትም አራትም እየቀላቀልን በግማሽ ሰዓት እጨርስልዎታለሁ አላት። ምንትዋብ ዓይኗ እንባ እስኪያዝል ሳቀች። ኢዩ ምን እንዳሳቃት ባይገባውም አብሯት ሳቀ።

እሱ ሲወጣ ታዴዎስ ጋ ደወለች። ታዴዎስ ኤርፖርቱ ውስጥ ዕቃ ማስተላለፊያው ክፍል ነው የሚሠራው፤ ከኋላው የሚያልፈው የተሽከርካሪ ድምፅ ወሬውን ይቆራርጠዋል። እየሳቀ ሰማትና ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አለ። ከዚያ ሳቁን ተወት አደረገው።

"እና ምን ችግር አለው ምንትዬ? ወደውሽ እኮ ነው።"

"ወደውኝማ ነው። ሳይገባቸው ገባን የሚሉኝም ወደውኝ ነው፤ ችግሩ እሱ ነው።"

"እንቁስ? ፈቃዷን ወስዳለች እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ሚስማሩም ተመቷል። ግን እንደመሰለሽ አድርጊ። እኔ የምሰቅለው ነገር አላጣም።"

ስልኩን ዘግታ ረቂቁን ከፈተች። የቀሩትን ቁጥሮች አስገባች፤ አማካዩ አራት ነጥብ ዘጠኝ መጣ። ከሦስት ነጥብ አንድ ወደ አራት ነጥብ ዘጠኝ! አስራ አራተኛው ጥያቄ ብቻ ነው ነገሩን የሚያጋልጠው። ሰንጠረዡ ላይ የዚህን ጥያቄ መስመር መረጠችና አጠፋችው። የቀሩት አስራ ዘጠኝ መስመሮች አማሩ። የት ገባ ብሎ የሚጠይቃት እንደሌለ ታውቃለች፤ ጥያቄው ግልጽ ስላልነበረ ወጥቷል ብላ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፍ ትችላለች። ዶክተር ዘርአጽዮን ትናንት በጎ ምልክት እንዳየች ስትነግራቸው ደስ ብሏቸው በጉባኤ ይቀርባል ማለት ጀምረዋል። መመረቅ ፈልጋ ነበር፤ አሁንም ትፈልጋለች። ኮምፒውተሩን ሳትዘጋው ለስምንት ሰዓቱ ክፍለ ጊዜ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች።

የዕለቱን ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፈችላቸው። ልጆቹ ለብቻቸው ጻፉ፣ ከዚያ ወደ ጎን ዞሩ፣ ክፍሉ በጫጫታ ሞላ። በመደዳዎቹ መካከል እያለፈች ቆም ብላ ሰማች። መስኮቱ ሥር ትግስት የምትባለው ዝምተኛ ልጅ ከጎኗ ያለውን ልጅ እስክሪብቶውን ነጥቃ ወረቀቱ ላይ እያሳየች ትሞግተዋለች። አንተ ሁለቱን ቀላቀልካቸው ትለዋለች፤ የታል ይላታል፤ ይኸው ትለዋለች። ሳሉት፣ አጠፉት፣ እንደገና ሳሉት። ምንትዋብ እዚያው ቆማ ደስ አላት። ይህ እውነት ነው፤ ማንም አልመከረበትም። ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይኸው ነው።

ከዚያ ወደ ሰሌዳው ተመለሰች፣ መልሱን አብራራች፣ ጠመኔውን አስቀመጠች።

"ግልጽ ነው?"

"አዎ!" አሉ ሠላሳ ስምንቱም ባንድ ላይ።

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። አዎው ሞቅ ያለ ነው፣ ያስደስታል፤ ትከሻዋ ላይ ያለው ድካም እንኳ ቀለል አለላት። አስራ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ሰምታ እፎይ ብላ ስትወጣ ኖራለች። ኢዩ ከፊት መደዳ ሆኖ አያትና እሱም አዎ ብሎ እንደነበር አስታውሶ አፉን በእጁ ያዘ።

"ማክሰኞ አምስት ሰጥታችሁኛል" አለቻቸው። "አመሰግናለሁ። ከልቤ ነው የምላችሁ። ግን አልወስደውም።"

አንድ ሰው ከኋላ ምን አጠፋን ብሎ አንሾካሾከ። ያጠፋችው እሷ እንደሆነች፣ ትምህርቱ ሲያስቸግራቸው ማየት እንዳልወደደች፣ እነሱም እንደማትወድ ማወቃቸውን ነገረቻቸው። ከዚያ ባዶ ወረቀት አዳለች። ዛሬ ካስተማረችው ያልገባቸውን አንድ ነገር ያለ ስም እንዲጽፉና ሲወጡ እያንዳንዳቸው በራሳቸው እጅ ጠረጴዛው ላይ እንዲተዉት ነገረቻቸው። ኢዩ ከልማዱ ሊሰበስብ ብድግ አለ። በእጇ ምልክት ሰጠችውና ተቀመጠ፤ እሱም ወረቀቱ ላይ አጎንብሶ መጻፍ ጀመረ።

ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ዶክተር ዘርአጽዮን ጋ ስትደውል ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። እሳቸው ጽሑፉን እየጠበቁ እንደነበር ገለጹላት። እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው፤ ስለጠፋው መስመርም ጭምር። ሽማግሌው ሳያቋርጡ ሰሙ።

"አስቢበት እንጂ። ይህን የገጠመሽን ራሱን ውጤት አድርገሽ ብትጽፊውም እኮ ያስኬዳል። ዛሬ አስገቢና በሐምሌ ተመረቂ።"

"እሱንማ እጽፈዋለሁ ዶክተር። ግን እነሱን ሳልሰማ የምጽፈው እንደገና የራሴ ብቻ ነው የሚሆነው።"

"ዓመት ነው፣ ምንትዋብ።"

"ዓመት ነው። ልቤ እሺ በይ እያለኝ ነው ይቅርብኝ የምልዎት።"

በሩ ተከፈተ። ልጆቹ አንድ በአንድ ይወጡ ጀመር። በተከፈተው በር ጠረጴዛዋ ላይ ያለው የወረቀት ክምር ከፍ ሲል ይታያታል። ዶክተር ዘርአጽዮን በስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና ወረቀት አንኮሻኮሹ።

"መልካም። የማራዘሚያ ቅጹን እኔ እሞላልሻለሁ። ምክንያት በሚለው ላይ ምን ልበል? ሕመም? የቤተሰብ ጉዳይ?"

"እውነቱን ይጻፉት" አለች ምንትዋብ። "ተማሪዎቿ ገና አልመለሱላትም ይበሉ።"