ትሪ ላይ የሚሮጡ ቁልፎች

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የልብስ ቁልፍ ሲጠፋብኝ ደሜ ይፈላል። እሁድ ከሰዓት ግን የታናሽ እህቴን እጅ ከቁልፍ ሣጥኔ የሚመልስ ኃይል የለም። የአፀደ ሕፃናት አስተማሪ ናት፤ የሳምንቱን የሜዳ ጨዋታ የምታቅደው በእኔ ቁልፎች ነው። ትሪ መሬት ላይ ታስቀምጥና "ይሄ ሜዳው ነው" ብላ ነጫጩን ቁልፍ ትበትንበታለች። እነሱ ተማሪዎቿ ናቸው። በጣቷ እየገፋች ታስሮጣቸዋለች፤ ማን ከማን እንደሚጋጭ፣ ማን ጥግ ይዞ እንደሚቀር ቀድማ ታያለች። "መምህርት ሆነሽ በቁልፍ ትጫወቻለሽ?" ስላት፣ "እትዬ፣ አንቺስ ሳትለኪ ትቆርጫለሽ እንዴ?" ብላ አፌን ታስዘጋኛለች።

አንዷ ቁልፍ ብቻ ቀይ ናት። እሷ ፌንጣ ናት።

ፌንጣ የእህቴ ልጅ ናት፤ ገና ድክ ድክ ስትል ከመራመድ ይልቅ መዝለል ይቀናት ስለነበር ይህን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። አሁን እዚያው እናቷ ክፍል ትማራለች። ባለፈው ዓመት መውደቅ አበዛች። ሐኪሙ ጡንቻዋ እየደከመ እንደሚሄድ፣ መድኃኒት እንደሌለው፣ ከእግሯ ጀምሮ ወደ ላይ እንደሚወጣ ሳይሸፋፍን ነገረን። እህቴ እሱ ፊት አላለቀሰችም። ቤት ገብታ "ከጨዋታ አላስወጣትም፤ ከጓደኞቿ ማነሷን ማወቅ የለባትም" አለች። ከዚያ ወዲህ የምትኖረው ለዚህ ብቻ ነው።

እኔ ነገሩን ያየሁት ትሪው ላይ ነው። መጀመሪያ አባሮሽ ቀረ፤ ቁልፎቹ እንደ ዝሆን በዝግታ መራመድ ጀመሩ። ቀጥሎ መዳህ መጣ። ከዚያ ሐውልት፦ ሲጨበጨብ መወዛወዝ፣ ጭብጨባው ሲቆም ድርቅ ማለት። ፌንጣ ድርቅ በማለት አንደኛ ወጥታ ስትኩራራብን ከረመች። ቀይዋ ቁልፍ በምትችለው ልክ ነጫጮቹም ተለኩ። በመጨረሻ ሁሉም ክብ ሠርተው፣ ተቀምጠው ኳስ ያንከባልሉ ጀመር። ጤነኛ የአምስት ዓመት ልጅ ተቀምጦ ኳስ ሲያንከባልል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሾህ ላይ ያስቀመጡት ነው የሚመስለው።

ጉዱ መፍላቱ አልቀረም። ወላጆች "ልጆቻችን ቤት ሲመጡ ግድግዳ ይወጣሉ፤ ትምህርት ቤት አይሮጡም ወይ?" ብለው ዳይሬክተሯ ዘንድ ሄዱ። ዳይሬክተሯ ክፉ ሰው አይደለችም። እህቴን ጠርታ "ይገባኛል፤ ግን የሌላውም ሰው ልጅ መሮጥ አለበት። ከሰኞ ጀምሮ ሩጫ ይኑር" አለቻት።

ያን እሁድ እህቴ ትሪው ፊት ተቀምጣ ቁልፎቹን አልነካችም።

"ከሮጡ ብቻዋን ትቀራለች። እሱን እያየሁ እንዴት ፊሽካ እነፋለሁ?" አለችኝ።

እኔ ግን ሲከፋኝ የሚቀናኝ ቁጣ ነው። "አንቺ ደበቅሽ እንጂ እሷ መች አጣችው!" አልኳት።

ቀና ስል ፌንጣ ግድግዳውን ተደግፋ በሩ ላይ ቆማለች። ቀስ ብላ መጥታ ትሪው አጠገብ ዘጭ አለች።

"እማዬ፣ ኳስ ማንከባለል ሰለቸን እኮ። በእኔ ምክንያት ነው አይደል የማይሮጡት?"

እህቴ ትሪውን ወደ ራሷ ሳበች።

"አባሮሽ ይሁን" አለች ፌንጣ። ቀይዋን ቁልፍ አንስታ የትሪው ጠርዝ ላይ አስደገፈቻት፤ ነጫጮቹን በመዳፏ በተነቻቸው። "እኔ ቤት እሆናለሁ። እኔን የነካ አይያዝም። ግን ነክቶ ወዲያው ይወጣል፤ ተለጥፎ መቅረት የለም።"

የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባላል። ያን ቀን የሰማሁት ብስሉን ነው። ጥሬውን ብሰማ ምንኛ በወደድኩ።

ሰኞ ጠዋት አዝዬ ወሰድኳትና ግድግዳው ሥር ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። እህቴ ፊሽካውን ነፋች። የስንት ወር ሩጫ የተጠራቀመባቸው ልጆች ሜዳውን በጩኸት ሞሉት። እየተጋፉ ወደ ፌንጣ ይመጣሉ፣ እጇን መታ አድርገው ይመለሳሉ። እሷም "ገባህ! ውጣ! ገባሽ! ውጪ!" እያለች ድምጿ እስኪዘጋ ትስቃለች። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ዓመት አልፎኛል።

አንዷ የፊት ጥርሷ የወለቀ "መምህርትም ትሩጥ!" አለች። ሁሉም ተቀበሏት። እህቴ ቀሚሷን ሰብስባ ሮጠች፤ ክፍሉ በሙሉ ከኋላዋ። ሜዳውን ዞራ መጥታ ወንበሩ ፊት ተንበረከከችና የልጇን እጅ ያዘች። ሌሎቹ መታ አድርገው የሚያልፉትን እጅ እሷ በሁለት እጇ ጨበጠችው። ልጆቹ ደርሰው ቆሙ፤ ጠበቋት። እሷ ግን ፊቷን ልጇ ጭን ላይ ደፍታ ቀረች።

ፌንጣ በሌላው እጇ የእናቷን ፀጉር ዳበሰች።

"እማዬ፣ ልቀቂኝ በቃ" አለቻት። "ገብተሽ የለ? አሁን ውጪ።"